የበሩ መቃን

ተጫዋች ክለብ ሲለቅ እዚያ የቆየባቸው ዓመታት ከትዝታው ይፋቃሉ። የአሰልጣኙ ስልት ወደ ሌላ ክለብ እንዳይሄድ ሕጉ ያዛል። ሟቹ ባሌ በሪሁን ተከላካይ ነበር፤ ሰባት ክለብ ቀያይሯል። እኔን ያልረሳኝ ከመጀመሪያው ክለብ በፊት ስለተጋባን ነው።

ልጃችን ፌቨን የተወለደችውም የሞተችውም በአራተኛው ክለብ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። ያንን ክለብ ለቆ ከረሳት ወዲህ ሁለት ጊዜ አረዳሁት። ሁለቱንም ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ክለብ ሲለቅ ያንንም ፋቁት።

ስድስተኛውን ለቆ በመጣ ማግስት፣ እንደ እንግዳ ቤቱን እየዞረ ሲያይ፣ የጓዳው በር መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩ የቁመት ምልክቶች አገኘ። ከጎናቸው ቆሞ ተለካ።

«ሰብልዬ፣ ይቺ ልጅ ወገቤ ጋ ስትደርስ ማደግ ሰለቻት እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «የማን ናት?»

«ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ልጅ ናት» አልኩት።

«እንግዲያው ቀለም እንቀባው፤ የእኛ ቤት ይምሰል።»

ብሩሹን እሱ ያዘ፤ ጣሳውን እኔ ያዝኩለት። ከታች ጀምሮ እያፏጨ ቀባ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይቺኛዋ አሁንም ትታያለች። ልድገማት?»

«ድገማት» አልኩት።