ከግድግዳው ወዲያ

ሚስዮናዊው፣ ሚስቱና ልጃቸው ቅዳሜ ጠዋት እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ በተከራዩት ቤት ተቀምጠው፣ ከጎንደር ይዘውት የመጡትን የድሮ መዝሙር በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ለስብከት መምጣታቸው ከታወቀ አይሁዳዊው አከራይ ከቤት ማስወጣቱ አይቀርም።

«አባዬ፣ ትንኝ እንኳ ከኛ በላይ ትጮኻለች» አለች ልጅቱ።

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲጢጥ አለ። አባቷ መዳፉን አፏ ላይ ጫነው። ወዲያ ያሉት ቤተ እስራኤላዊት ጎረቤታቸው እማማ እንጉዳይ ናቸው፤ ደረጃው ላይ ባገኟት ቁጥር «አባትሽ የትኛው ቤት ክኔሴት ነው የሚጸልየው?» እያሉ ስለሚሄድበት ምኩራብ የሚያፋጥጧት።

ከዚያ አንድ የሰለለ ድምፅ መዝሙሩን ካቋረጡበት አንስቶ እስከ መጨረሻው ዘለቀ። እነሱ የማያውቁት ስንኝም ነበረበት። የአባቷ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «ምነው ቆማችሁ? ቀጥሉ እንጂ» አሉ እማማ እንጉዳይ ቀስ ብለው። «ልጆቼ ቤት ክኔሴት ሄደዋል።»