ወንድሙን በድብቅ ፎቶ ያስነሳው ካድሬ

«ካሜራ ሲያይ ይኮሳተራል… ሳያውቅ አንሳልኝ።»

ያርጋል ይህን ያለው አንሙት ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ከሩቅ የሚያነሳ ረጅም ሌንስ ከጨርቅ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ነው።

ዘመኑ የደርግ፣ ከተማው ደባርቅ። አንሙት ፎቶ አንሺ ነው፤ ያርጋል ደግሞ ሰው ሁሉ የሚፈራው ካድሬ።

«ማንን?»

«ጋሼ አለነን። እሱ ነው ያሳደገኝ… ሳቁን ቤቴ ልስቀለው ብዬ ነው።»

አለነ ታላቅ ወንድሙ ነው። አባታቸው ሲሞት ያርጋልን ከዳባት አምጥቶ፣ በሬውን ሸጦ ያስተማረው…

አንሙት ደስ አለው። የደባርቅ ሰው ካሜራ ሲያይ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቆመው። የሚስቅ ሰው አንስቶ አያውቅም።

በገበያ ቀን ሱቅ ውስጥ ተደበቀ። አለነ ሁልጊዜ ከወዳጆቹ ጋር ቆሞ የሚያወጋው ገበያው ዳር ካለችው ጥድ ሥር ነው። ፎከሱን አስቀድሞ እዚያ ላይ አስተካክሎ ጠበቀ…

አለነ መጣ። ሳቀ። ቀጭ!

ፊቱ ጥርት አለ፤ ከኋላው የቆሙት ወዳጆቹም ገበያውም ጉም መሰሉ።

ያርጋል ግን ፎቶውን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«እነዚህ አብረውት ያሉት ለምን ደበዘዙ?»

«ዓይን እሱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ነው። ረጅም ሌንስ እንዲህ ነው የሚያወጣው።»

«አይ… ሰው ያለ ወዳጆቹ ምን ያምራል? እነሱም ጥርት ይበሉ።»

የዋሁ አንሙት በሚቀጥለው ገበያ አጭሩን ሌንስ ገጠመ፣ የብርሃን መግቢያውንም አጠበበ። አለነና ሁለት ወዳጆቹ፣ ሦስቱም ጥርት ብለው ወጡ። ለያርጋል ሰጠው።

በሳምንቱ አለነ «ፀረ አብዮት» ተብሎ ታሰረ…

ከዚያ አንድ አብዮት ጠባቂ ያንኑ ፎቶ ይዞ መጣ። ሦስቱም ፊቶች በቀይ እርሳስ ተከበዋል።

«አንዱ አምልጧል። የሱን ፊት ለይተህ አሳድግልን።»

አንሙት ፎቶውን አወቀው። ያን ፎቶ ከያርጋል በቀር ለማንም አልሰጠም።

«ፊልሙ ተበላሽቷል» ብሎ ዋሸ። ሰውየው እንደወጣ የሦስቱን ፊልም አቃጠለው።

አለነ ግን ተረሸነ።

በዚያ ዘመን የተረሸነ ሰው አይለቀስም። ያርጋል ግን ሮጦ ለቅሶ አስፈቀደ። ከተማው መረቀው…

ጥቁር ለብሶ፣ የአለነን ሚስት ሸጊቱን ደግፎ ፎቶ ቤት ገባ።

«አንሙት፣ የጋሼን ፎቶ ለለቅሶው አሳድግልን… የመጀመሪያውን፣ ከኋላ ሰው የማይታይበትን።»

እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ሸጊቱ ትከሻውን ሳመችው። «ያርጌ ባይኖርልኝ ማን ነበረኝ? ሬሳውን ባላገኝ እንኳ እንዳለቅስለት አስፈቀደልኝ» አለች።

አንሙት እውነቱን ሊነግራት አሰበ። ቢናገር እሱም ወደ አለነ ነው የሚሄደው… እሷም በምን ትጽናና?

ፎቶውን አሳድጎ ለሸጊቱ በእጇ ሰጣት። ያርጋል አመሰግናለሁ ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ይቅርታ፣ እጄ ኬሚካል ነክቷል» አለ አንሙት።

ሲወጡ ያርጋል የነካውን የበር እጀታ በጨርቅ ወለወለው። ደግሞ ወለወለው…

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ ራሱ ያቅለሸልሸኛል። ያጎረሰ እጅ መነከሱ የቆየ ነው። ነክሶ ሲያበቃ በለቅሶው የሚመረቅ ግን… ምን ይባላል? እንባን ሁሉ አትመኑ።

እናንተ አንሙትን ብትሆኑ፣ ለሸጊቱ ትነግሯት ነበር ወይስ ዝም ትሉ ነበር?