መቀርቀሪያው በየት በኩል ይሁን

በር ማለት፣ በጥንቃቄ ሲታይ፣ ግድግዳ ሰው እንዲያልፍ የሚፈቅድበት ቦታ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ግድግዳው አይደለም፤ መቀርቀሪያው ነው።

ሽማግሌው ከሚስታቸው ጋር ሆነው ከቤቱ ፊት ለፊት የመስታወት ክፍል ሲያሠሩ፣ በቤቱና በክፍሉ መሐል የቀረውን አሮጌ በር ነቅለው ጣሉት። ፀሐይ እስከ ሳሎን ትግባ ብለው ነው። ሚስትየው ካረፉ በኋላም በመስታወቱ ክፍል የተከሏቸውን አበቦች ብቻቸውን ያጠጡ ነበር።

ከዚያ ልጃቸውና ባሏ «ለአንድ ሳምንት» መጡ። ሳምንቱ ዓመት ደፈነ።

አማች እጁ ሥራ አይፈታም። ሌባ ፈርቶ መስኮቶቹን ሁሉ በብረት ፍርግርግ አጠረ። ትልቅ ፍሪጅ ገዛና ማቆሚያ ሲያጣለት የጓሮውን በር በብሎኬት አስደፈነ። የሽማግሌውንም አልጋ ወደ አበቦቹ መሐል አወጣው፤ «ብርሃን ይሻልዎታል» ብሎ።

አሁን ደግሞ ሳላቸው እንቅልፍ ነሳው። በተነቀለው በር ቦታ አዲስ የሚገጥም አናጢ ተጠራ።

አናጢው ከመንገድ ገብቶ በአበባ ማሰሮዎቹ መሐል እየተሽሎከለከ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ወንበራቸውን ደፉ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፤ መቃኑን ልለካ።»

«እኔንም አብረህ ለካኝ። የምነሳ አይደለሁም።»

ልጅቱ መጣች። «አባዬ፣ ምን አለበት? በር እኮ ነው!»

«ለምን የሚሆን?»

«ለብርዱ።»

«ብርዱ ያለው እዚህ እኔ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ። የምትዘጊው እሱን ነው ወይስ እኔን?»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ መለሰ። «እና በገዛ ቤታችን እንቅልፍ እንጣ?»

ሽማግሌው አማቻቸውን ትክ ብለው አዩት። ቀጥሎ ፍሪጁን አዩት። ከዚያ ወንበራቸውን አንስተው ወደ አበቦቹ ሄዱ።

«ይገጠም። መቀርቀሪያው ግን በእኔ በኩል ይሁን።»

አማች ሳቁን መዋጥ አቃተው። «ራሳቸው በራሳቸው ላይ ይዝጉ እንጂ! ወፍራሙን ግጠምላቸው።»

አናጢው ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ቃኘ። «እርግጠኛ ነዎት፣ ጌታዬ?»

«አንተን ምን አገባህ? ግጠም ስትባል ግጠም።»

አናጢው ገጠመ። ጥሩ በር ነበር፤ ጠንካራ እንጨት፣ የማይነቃነቅ ማጠፊያ።

ያን ምሽት መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ልጅቱ እንባዋ መጣ። «አባቴን አስወጣነው» አለች። ሽማግሌው ከወዲያ እንዳሻቸው ሳሉ። አማች አንዱንም ሳይሰማ ለጥ ብሎ ተኛ።

ጠዋት ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሥራው ሊሄድ ተነሳና፣ ለቤቱ የቀረውን አንድ መውጫ አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ ሽማግሌው።