ያለ ኪኒን ወደ መርካቶ

አይጥ ላይ የሠራ ነገር እህቴ ላይ ይሠራል ወይ? አላውቅም። ሃፊዛ ግን ሳንሱሲ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ኪኒኗን አልዋጠችም።

ክረምት ላይ የተሳፈረችበት ታክሲ ከአስኮ በታች ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ የምትሳፈረው የጭንቀት ኪኒን ውጣ ነው። ኪኒኑ ፍርሃቷን ያስተኛዋል፤ እሷንም ያስተኛታል። መርካቶ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ እየለካች ታንቀላፋለች፤ በቀደም የሙሽራ ጨርቅ አሳጥራ ቆረጠች። "እንዲህ ከሆነስ ሱቁን ብዘጋው ይሻለኛል" አለች። ሐኪሟን አማክረን ነው ዛሬ የወጣነው።

"እስቲ ድገምልኝ፣ ዶክተር" ትለኛለች። እጄን የጨበጠው እጇ በላብ ርሷል።

"ኪኒኑን ውጠሽ በሰላም ስትደርሺ አንጎልሽ የሚያመሰግነው ኪኒኑን ነው። መንገዱን ማመን አይማርም።"

"ጠዋት ይሁን ያልከውስ?"

"ጠዋት ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። አንጎል አዲሱን ነገር አጥብቆ እንዲይዝ ያግዘዋል።" እየተጣደፍኩ ነው የማወራው። ባሕር ማዶ አይጥ ላይ እየሞከርኩ ዓመታት የፈጀሁበት ትምህርት አጠገቤ ተቀምጦ ይተነፍሳል።

"ሰው ላይ ተሞክሯል?"

"ጥቂት ሰው ላይ።"

"ጥቂት" ብላ ትስቃለች። ከፊታችን ያሉት እናት ዞር ይላሉ።

"ምነው ልጄ፣ አመመሽ?"

"አይ እማማ፣ ታክሲ ፈርቼ ነው።"

"እኔም ይሄን ሾፌር እፈራዋለሁ።"

አስኮ ስንደርስ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ቁልቁለቱ ከፊታችን ነው።

"አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" እላታለሁ።

"አንተ ባትኖርማ ይሄኔ ወርጄ ነበር።" ትክ ብላ ታየኛለች። እጄን ትለቃለች።

"ወራጅ አለ" ትላለች ለረዳቱ።

አበቃ፣ እላለሁ በልቤ። ሚኒባሱ ጥጉን ይዞ ይቆማል። መንገድ ልለቅላት እነሳለሁ። እሷ አትነሳም።

"ወራጁ አንተ ነህ፣ ኑሕ።"

"እንዴት?"

"አንተም ኪኒን ሆነህብኛል። አብረኸኝ ከደረስክ አንጎሌ የሚያመሰግነው አንተን ነው። ውረድ።"

"ወንድም፣ ትወርዳለህ አትወርድም?" ይላል ረዳቱ።

እወርዳለሁ። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ዐይኗ መንገዱ ላይ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ይዞ ይጠፋል። ፌርማታው ላይ ቆሜ፣ "ደህና ነሽ?" ብዬ በስልክ እልክላታለሁ።

ማየቷን ስልኬ ያሳየኛል። አትመልስልኝም።