የሦስተኛው ፎቅ ቀንድ አውጣዎች

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሐምሌው ዝናብ አባርቶ ነበር። ጡረታ የወጡት የእርሻ ባለሙያ ጋሽ ምናሴ እንደ ወትሮው ካፖርታቸውን ደርበው ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ወጡ። ብቻዋን የምትኖረው ትርንጎ በረንዳዋ ላይ፣ በተቆረጡ ጀሪካኖች የተከለችውን ሰላጣ ቀንድ አውጣ ስለበላባት፣ ስድስት ቅዳሜ እየመጡ ለቅመውላታል።

«ዛሬ አንድም ካላገኘሁ፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሥራዬ አበቃ። ከእንግዲህ ለመምጣት ምክንያት የለኝም» አሏት በሩ ላይ ቆመው።

«እስቲ ይፈልጉ» አለች ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

እጃቸውን እንደ ጨበጡ ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ተንበረከኩ፤ ቅጠሉንም ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ይገርማል። ቀንድ አውጣ ይህን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጣዋል?»

«እርስዎስ በዚያ ጉልበትዎ እንዴት ይወጡታል?»

ሳቁ። አንድ በአንድ እየቆጠሩ ጣሳው ውስጥ ጨመሯቸው፤ አምስት ሆኑ።

«እንግዲህ የሚመጣው ቅዳሜም መመለሴ ነው» አሉ።

«ምን ይደረጋል፤ ይምጡ እንጂ።»

ጠዋት ከግቢው አጥር ሥር ለቅማ ሰላጣው ውስጥ ያኖረቻቸው ግን ሦስት ብቻ ነበሩ።