የሐርቡ ወፍጮ

«ሦስተኛ፣ በሐርቡ ከተማ የሚገኘውን የእህል ወፍጮዬን ከነሞተሩ...» እያለ ደምመላሽ ያነባል።

«የማንን ወፍጮ?» ይላል አግማስ።

ደምመላሽ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። አራቱ ምስክሮች አንገታቸውን ያቀናሉ። አግማስ ከስፌት መኪናው ኋላ እንደተቀመጠ፣ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። ደሴ ላይ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቷል፤ ዓይኑን መርፌ ጨርሶበታል። ጆሮው ግን ደህና ነው። ይህ የእህቱ ልጅ ሁለተኛው ተራ ላይ ቤቱ ለእሱ መሰጠቱን ሲያነብ ድምፁ እንዴት እንደጠራ፣ አሁን ደግሞ እንዴት እንደጎረነነ ይሰማዋል።

«የጽሑፍ ቤቷ ሴትዮ ስህተት ነው፣ ጋሼ። ኮምፒውተሯ ላይ የሌላ ሰው ኑዛዜ ነበር። እሱኑ ከፍታ የእርስዎን ስም አስገባችበትና...»

«ሰልባጅ ኮት ገዝተህ መጣህልኛ! ልክ እንኳ ሳትወስድ!»

ጎረቤቱ እንድሪስ ሳቁ ያመልጠዋል። «ወላሂ አያ አግማስ፣ ወፍጮ እያለህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ወፍጮ ቤት የተሰለፍከው?»

አግማስ አይስቅም። ደምመላሽ ሁለት ወረቀት ነው ይዞ የመጣው። ኑዛዜው አግማስ ሲሞት ቤቱን ይሰጠዋል፤ ውክልናው ደግሞ አግማስ በቁሙ እያለ እንዲሸጥ እንዲለውጥ ያስችለዋል። ልጁ መጠበቅ አይወድም። አግማስም ይህን ያውቃል፤ አውቆም ይንቀዋል። ቤቱን የሰጠው ወዶት አይደለም። ለማንም ይሁን፣ ለእሷ ብቻ አይሁን ብሎ ነው።

እሷ ብቸኛ ልጁ ናት። ኮምቦልቻ ወርዳ ከጴንጤዎቹ ጋር መዘመር የጀመረች ሰሞን ሳጥኗን አውጥቶ ደጅ አስቀመጠው። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየማለዳው ዳዊቱን ይደግማል፣ ስሟን ግን አይጠራም። የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ሚካኤል «ልጅህስ?» ባሉት ቁጥር «የለኝም» ነው መልሱ። ለደምመላሽም አንደኛው ተራ ላይ እንዲሁ ብለህ አስጽፍ ብሎታል፦ ልጅ የለኝም።

«ቀጥል።»

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። «አራተኛውም አምስተኛውም የዚያው ሰውዬ ነው፤ ልዝለለው።»

«ኑዛዜ አራቱም ምስክር ባለበት ሙሉው ይነበባል፣» ይላሉ አባ ወልደ ሚካኤል፤ ከምስክሮቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። «ሳትዘል አንብብ።»

ደምመላሽ ይተነፍሳል። አራተኛው የሁለት በሬ ጉዳይ ነው፤ እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብለዋል። «አምስተኛ፣ ያለ ፈቃዴ አገባች ብዬ ከቤት ያስወጣኋትን ልጄን ወይዘሮ ሚስጥር ሞላልኝን በሚመለከት፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝና መክፈቱም የእኔ ፋንታ ነው። መንገድ ዳር ያለው ክፍል ከነበሩ የእሷ ይሁን።»

ከጦሳ ተራራ የወረደው ካፊያ ቆርቆሮውን ይነካካል። እንድሪስ መቁጠሪያውን ማንከባለሉን ይተዋል።

«ጭራሽ ልጅ የለኝም ካሉ በኋላ ልጅ አመጣችብን!» ይላል ደምመላሽ ብዕሩን ከኪሱ እየመዘዘ። «እሰርዘዋለሁ።»

«ሰውዬው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ! አንዱ ባላገር ወፍጮ ፈጪ ይሆናላ።»

አግማስ ሞላልኝ የተባለውን ሰው ሊንቀው ይሞክራል። ይሉኝታ ቢስ! የቤቱን ጉድ ተሸክሞ ሄዶ ለማያውቃት ጸሐፊ የሚዘረግፍ፣ ጢሙ ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ። መናቅ አግማስን አስቸግሮት አያውቅም፤ የእህቱን ልጅ፣ ጴንጤዎቹን፣ ስፌት ያልተካኑትን ሁሉ ሲንቅ ነው የኖረው። ዛሬ ግን ንቀቱ ወፍጮ ፈጪው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይዝልበታል።

«አምስተኛውን ድገመው።»

«ጋሼ፣ የሌላ ሰው ነው እኮ!»

«ሰማሁ። ድገመው።»

ደምመላሽ ይደግማል። «በሩን የዘጋሁት» የሚለው ላይ ሲደርስ አባ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን ከካባቸው ሥር ያወጣሉ።

«ብዕሩን አምጣ። ልጅ የለኝም የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«አንደኛው ላይ... እዚች ጋ። ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

አግማስ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ ያጎነብሳል። የልብስ መለኪያ እንጨቱን ያጋድምና ጨርቅ ለመቁረጥ እንደሚያሰምር ሁሉ በቃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ከሥሩ ባለው፣ ቤቱን ለደምመላሽ በሚሰጠው በሁለተኛውም ላይ እንዲሁ።

«አምስተኛው ትከሻው ልኬ ነው፣» ይላል ቀና ሳይል። «እኔ ያለኝ አንድ በር ነው፤ ክፍል የሚለውን ቤት እናደርገዋለን፣ አገባች የሚለውንም እናወጣዋለን። ስሟንም እንቀይራለን።»

«ነገ በንጹሕ ይገለበጥና እንፈርማለን፣» ይላሉ አባ ወልደ ሚካኤል ቀስ ብለው። «ማን ልበል?»

«ነፃነት፣» ይላል አግማስ።

«ጋሼ!» ደምመላሽ ውክልናውን እንደ ማራገቢያ ጨብጦ ተነስቷል። «እኔስ? ይሄን ሁሉ ስመላለስ?»

«ሦስተኛውን አልነካሁብህም። የሐርቡ ወፍጮ ያንተ ነው። ከነሞተሩ።»

እንድሪስ ሊስቅ አፉን ይከፍትና የአግማስን እጅ አይቶ ይዘጋዋል። ሽማግሌው ስሟን በገዛ እጁ ሊጽፍ ጀምሯል። ብዕሩ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ቆሟል፤ መርፌ የተደረበ ጨርቅ ሲገጥመው እንደሚቆመው። ከሥር እግሩ፣ ሳያውቀው፣ የስፌት መኪናውን መርገጫ ይረግጣል።