የጓሮው ግድግዳ ሆድ

ድሪሉ የጓሮውን ግድግዳ የውጭ ጡብ በስቶ ገባና ዝም አለ። ብርድ እንዳይገባ በውጭውና በውስጡ ግድግዳ መሃል የፎም ፍሬ ሊሞላ የመጣው ሠራተኛ ቀዳዳውን እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና ጫፉ ላይ መብራት ያለበትን ቀጭን የካሜራ ገመድ ማስገባት ጀመረ።

ሽማግሌው ግንበኛ ከወንበሩ ተነሣ። አርባ ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ ግንበኛ ሁሉ ሲሰብክ የኖረው አንድ ነገር ነው፤ «በሁለቱ ግድግዳ መሃል ያለው ክፍተት መስተዋት ይምሰል!» ክፍተቱ ውስጥ ጣውላ ታስገባለህ፣ የሚንጠባጠበውን ሲሚንቶ ጣውላው ይቀበልልሃል፣ ስበህ ታወጣዋለህ። ይህን የሚዘል ሰነፍ ነው። ሰፈርተኞቹ «ጋሼ ቱንቢ» ያሉትም ለዚሁ ነው፤ ዝንፍ የማይል።

እና ከአርባ ዓመት በፊት የገዛ ቤቱን የጓሮ ግድግዳ ሲሠራ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብሎ፣ ጣውላውን ዘለለው። ማን ያየዋል? ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ ይኸው ዛሬ ካሜራ መጣበት።

«ጋሼ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ጥሩ ናቸው» አለ ሠራተኛው። «ይኼኛው ግን ክፍተቱ ውስጥ የተንጠባጠበ ሲሚንቶ ካለበት አልሞላውም። የፎሙ ፍሬ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብርዱ እንዳለ ሆኖ እርጥበቱም ይሻገራል። መቼም በእርስዎ ቤት አይጠበቅም!»

«አይጠበቅም» አለ ሽማግሌው። ይህ ሰው የግማሹን ሰፈር ቤት ነው የሚሞላው፤ ወሬውን እስከ ከሰዓት ያዳርሰዋል። ሚስቱ እዚያው ጓሮ ካለው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ልብስ ታወርዳለች፣ ዞር ብላም አላየችው።

የካሜራው ስክሪን ላይ ጡብ ታየ፣ ጡብ፣ ሁለቱን ግድግዳ የሚያያይዝ ብረት። ብረቱ ንጹህ ነው። ቀጣዩም ንጹህ። እስከ መሠረቱ ድረስ አንዲት ፍርፋሪ ሲሚንቶ የለም።

«ወይ ጋሼ ቱንቢ! ይኼማ ከሦስቱም ይበልጣል!» ብሎ ሠራተኛው ቱቦውን ሊያመጣ ወደ መኪናው ሄደ።

የሽማግሌው ነፍስ መለስ አለች። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣ።

«አንቺ» አለ በሹክሹክታ፣ «ተአምር እኮ ነው! እዚህ ጋ ጣውላ አላስገባሁም። አጭበርብሬ ነው የሠራሁት። ዛሬስ ተዋረድኩ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፣ የአንሶላውን ጫፍ ከጫፍ እያገጣጠመች።

«ምኑን?»

«ጣውላውን እንደተውከው ነዋ። አንተ ልትታጠብ ስትሄድ፣ መጥረጊያ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከላይ እየሰደድኩ ክፍተቱን እጠርገው ነበር። ታች የወደቀውንም ሲሚንቶ፣ ጡብ ሳትገጥም በተውካት ቀዳዳ አፈስኩት። ትልቋን ልጃችንን እርጉዝ ነበርኩ፤ መሰላሉ ላይ ሆዴ እንዴት እንዳስቸገረኝ!»

«አርባ ዓመት! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርህ አፌን ስከፍት ትሰብካለህ። መቼ ፋታ ሰጠኸኝ?»

ሠራተኛው ቱቦውን ይዞ ተመለሰና ቀዳዳው ላይ ገጠመው። ማሽኑ ተነሣ፤ ነጫጭ ፍሬዎች በቱቦው እየተሽቀዳደሙ፣ ምንም ሳያግዳቸው፣ ግድግዳው ሆድ ውስጥ መፍሰስ ጀመሩ።

«ጋሼ!» አለ ሠራተኛው ከማሽኑ ድምፅ በላይ እየጮኸ። «ነገ ባልደረቦቼን ይዤ ልምጣ? እንዴት እንዲህ እንዳጸዱት ያስረዱናል!»

ሽማግሌው በልማዱ አፉን ከፈተ። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ሚስቱ ገፋላት፣ አንሶላውንም ከእጇ ተቀበለ።

«እኔ አላውቅበትም» አለ። «እሷን ጠይቁ።»